የኮምፕሬሰሩ ጩኸትና የእናቴ ቀጠሮ

በዚያ ክረምት ከሰውነቴ ሁሉ ቀድሞ የደከመው ጆሮዬ ነበር።

የምነዳው የአጎቴን መኪና ነው፤ ነጭ፣ አሮጌ፣ ባለ አራት በር የቤት መኪና። ከደብረ ታቦር ገሳይ፣ ከገሳይ ደብረ ታቦር ሰው አመላልሳለሁ። ያው ኩርባ፣ ያው የድንች ማሳ፣ ያው ባሕር ዛፍ። ድሮ እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ስንኝ አያሳጣኝም ነበር፤ ደብተሬን ከፀሐይ መከላከያው ላይ ሸጉጬ ሰው እስኪሞላ እጽፋለሁ። በዚያ ክረምት ግን ደብተሩ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ እንጂ የረባ ነገር አልተጻፈበትም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ኮፈኑ ሥር ያለው የኤሲ ኮምፕሬሰር መጮህ ጀመረ፤ እህል ያልገባበት ወፍጮ ባዶውን ሲዞር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት በኋላ ሞተሩን አጥፍቼም ጆሮዬ ውስጥ መዞሩን አያቆምም።

ጩኸቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ነገር ግን እናቴ ቀጠሮ ነበራት።

እናቴ የምትኖረው ከገሳይ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። የግራ ዓይኗን ሞራ ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነበር። ሰውን የምትለየው በድምፁ፣ ላሟን በአካሄዷ ሆኗል። በዚያ ሰሞን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለሦስት ቀን ደብረ ታቦር እንደሚመጡ ተነገረና የቀበሌው ጤና ሠራተኛ እናቴን መዝግባ ወረቀት ሰጠቻት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ፍልሰታ የሚፈታበት ማግስት ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ አለባት። ካልደረሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ሐኪሞቹ ዳግም መቼ እንደሚመጡ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

«በዋዜማው ነይና እኔ ዘንድ እደሪ» አልኳት።

«በበዓሉ ቀን?» አለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱባኤ ይዤ፣ ሊፈታ ሲል ጥያት ልሂድ? እመቤቴስ ምን ትለኛለች?»

«ዓይንሽስ?»

«ዓይኔ አንድ ቀን ይታገሣል። አንተ መኪና ትነዳ የለ? ማለዳ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

አለቀ። እናቴ ፍልሰታን ከደብሯ ርቃ አታውቅም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ከበዓል ማግስት በዚያ ማለዳ ከገሳይ ሌላ መኪና ማግኘት ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ የእናቴ ዓይን በእኔና በዚያች በምትጮህ መኪና ላይ ወደቀ።

ነሐሴ ላይ የጉና ተራራ ጉም ማለዳ ማለዳ መንገዱ ላይ ይተኛል። ከውጪው ጉም ይልቅ የሚያስቸግረኝ ግን የውስጡ ነው። በእኛ አገር መኪና ውስጥ መስኮት አይከፈትም፤ ንፋስ ይመታል። ዝናብ የጠጣ ጋቢ የለበሱ አራት ሰዎች መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ሲተነፍሱ፣ የፊት መስታወቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወተት ይመስላል። ሾፌሩ ሁሉ የየራሱ መላ አለው። አንዱ በጨርቅ ይወለውላል፣ አንዱ ድንች ለሁለት ቆርጦ መስታወቱን ያሽበታል። እኔም በድንች አሽቻለሁ። ለጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጭረት ጭረት ሆኖ ይደርቅና ሌላ መጋረጃ ይሆናል።

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቀን ከቆላ አገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከጎኔ ተቀመጠ። በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ጨርቅ ይዤ ስፈትግ ጥቂት አየኝና፣

«ኤሲው አይሠራም እንዴ?» አለኝ።

«በዚህ ብርድ?»

«ለብርድ አይደለም ወንድሜ፣ ለማየት ነው» ብሎ እጁን ሰድዶ ቁልፉን ተጫነው። ደረቅ አየር መጣ። መስታወቱ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ተገፈፈ፤ መንገዱ፣ አጥሩ፣ አህዮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ለስንት ዓመት ሰዎች እንደዚያ ሲያዩ እኔ በድንች ስፈትግ መክረሜ አናደደኝ።

ከኋላ ግን ጩኸት ተነሣ።

«ኧረ ልጄ፣ ልትገድለን ነው?» አሉ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እየጠቀለሉ።

«ንፋሱን አጥፋው! ጎኔን ወጋኝ እኮ!» አለ ሌላው።

መምህሩ ሳቀ። «ሙቁንም አብረህ ክፈተው። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ።» ከፈትኩት። ሰዎቹ ዝም አሉ፤ ያችው እናት ነጠላቸውን አውርደው «እንዲህ አትልም ታዲያ» አሉኝ።

አጎቴ ያን ቁልፍ መኪናውን ከገዙ ጀምሮ ነክተውት አያውቁም። «ብርድ አገር ተቀምጦ ብርድ የሚጨምር ጤነኛ ነው?» ይላሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማለዳ ማለዳ ማብራት ጀመርኩ። አንድ ወር ሳይሞላ ጩኸቱ መጣ።

መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሾፌር ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ቺንጋህ ነው» አለኝ። ቺንጋ የምንለው ሞተሩ የሚያሽከረክረውን የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ በአጎቴ መኪና ላይ አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ ኮምፕሬሰሩንም ያዞራል። «ደረቅ ሳሙና እሸው፣ ጸጥ ይላል።» ሱቅ ገብቼ የልብስ ሳሙና ገዛሁና አሸሁት። እውነትም ጸጥ አለ። ሁለት ቀን ጆሮዬ አረፈ፤ እንዲያውም አንድ ስንኝ ጻፍኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ድምፁ ብሶበት ተመለሰ። እንደገና አሸሁ። እንደገና ዝም አለ፤ ለግማሽ ቀን። ሳሙናውን ከመሪው ሥር አስቀምጬው እንደ መድኃኒት በየጊዜው አሽ ነበር። ነገሩ ቺንጋ እንዳልሆነ ሆዴ ያውቀዋል። ግን ደክሞኝ ነበር፤ የደከመው ሰው የሚያምነው ቶሎ የሚያልቀውን ነገር ነው።

ፈርቼ ኤሲውን ማብራት ተውኩና ወደ ጨርቄ ተመለስኩ። ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ መስታወቱ ነጭ ሆኖብኝ ኩርባ ላይ ስታጠፍ፣ ከኪዳን የሚመለሱ ሴቶች ነጭ ለብሰው ከነጩ ጉም ውስጥ ወጡ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። መኪናዋ ተንሸራታ ከፊተኛዋ አሮጊት አንድ እርምጃ ላይ ቆመች። አሮጊቷ አልጮሁም። መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርገው እንደ ከብት ዳበሱትና ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉ።

«አላየኸንም ልጄ?»

«አላየኋችሁም እናቴ።»

«እንግዲህ እመብርሃን አይታልናለች» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ወርጄ መስታወቱን ከውስጥም ከውጪም ደጋግሜ ወለወልኩት። በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ሰዓት እናቴን ማምጣት አለብኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አብዛኛውን ቆላ ወርደው የጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ለጡረታቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ። ኮፈኑን ከፍተው ገና እንዳዩ፣

«አውልቀን እንጣለዋ» አሉ። «አጠር ያለ ቺንጋ እናስርለታለን፣ ያልፍልሃል። የስንቱን አውልቄያለሁ። እዚህ አገር ብርዱን እግዜር በነፃ ይሰጠን የለ?»

«አይሆንም ጋሼ። ኤሲውን እፈልገዋለሁ።»

«ቆላ ያለህ መሰለህ?»

የእናቴን ነገር ነገርኳቸው፤ ጉሙን፣ ሴቶቹን፣ ወረቀቱን። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝ።

«ሞራ ነው?»

«ሞራ ነው ጋሼ።»

«በል አስነሣው።»

አስነሣሁት። ወፍጮው ይፈጫል። «አሁን ኤሲውን አብራ።» ስጫነው ከመፍጨቱ ሥር ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጥ ቀጥ የሚል ማንኳኳት። አጥፋ፣ አብራ፣ አጥፋ አሰኙኝ።

«ሁለት በሽታ ነው ያለብህ» አሉ። «ያንኛው ሁልጊዜ ይፈጫል፣ ይኼኛው ስታበራው ብቻ ያንኳኳል። መጀመሪያ የሚፈጨውን እንፈልገው።» ረጅም ካቻቢቴ አምጥተው ሰጡኝ። «የእኔ ጆሮ በሞተር አልቋል፤ አንተ ስማልኝ። ጫፉን የማሳይህ ቦታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር። ቺንጋው እንዳይዝህ ተጠንቀቅ።»

ካቻቢቴውን ዲናሞው ላይ አስደገፍኩ። የለሰለሰ መዞር ብቻ። የውሃ ፓምፑ ላይ አስደገፍኩ፤ እንደዚያው። ኮምፕሬሰሩ ላይ፣ ቺንጋው ከሚጠመጠምበት መዘውር አጠገብ ስደርስ ድምፁ በብረቱ ወጥቶ አገጬን አንቀጠቀጠው። ጠጠር የሚቆረጥም ጥርስ ነበር።

«አገኘኸው?»

«እዚህ ነው ጋሼ።»

ሞተሩን አስጠፍተው ቺንጋውን አወለቁና እንደገና ለአፍታ አስነሡት። ጩኸቱ የለም። ከሳምንታት በኋላ ሞተሩ ብቻውን፣ ንጹሕ ሆኖ ተሰማኝ። ደስ ከማለት ይልቅ መቀመጥ አማረኝ። እሳቸው መዘውሩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ እየተንገጫገጨ ዞረና ቆመ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው አሸተቱት።

«ይኼ ምንድን ነው? ልብስ ታጥብበታለህ?»

ሳሙናውን ከመሪው ሥር አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ሳሙናው አፉን ዘጋልህ እንጂ አላዳነውም። ኩሽኔታው ነው ያለቀው፤ እዚህ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ኳሶች። ሁለት ቀን ቢቀረው ነው። ቀጥ ሲል ቺንጋውን ይበጥስልሃል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞ የለ፣ የውሃ ፓምፕ የለ። እናትህን ይዘህ ጉም ውስጥ ቆመህ ትቀር ነበር።»

ይህን በቁጣ ቢናገሩት ይሻለኝ ነበር። የተናገሩት ግን እንደ ተራ ነገር፣ ቡሎን እየፈቱ ነው።

አዲስ ኩሽኔታ ባሕር ዳር ካልተላከ አይገኝም፤ ቀኑ ደግሞ አልቋል። ሽማግሌው አሰብ አደረጉና በጓሮ በኩል ወሰዱኝ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር አንድ ዝናብ የዘነበበት በርሜል አለ፤ እስከ አፉ ኮምፕሬሰር ተሞልቷል። ለዓመታት ከደብረ ታቦር መኪኖች ያወለቋቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ገና ቀለማቸው አልለቀቀም።

«ሰው ሁሉ አውልቅልኝ ይላል፣ አወልቃለሁ» አሉ። «ብረት ስለሆነ መጣል አይሆንልኝም። ከያንተዋ ጋር አንድ የሆነውን ፈልግ።»

በርሜሉን ዘቅዝቀን ጭቃው ላይ በተንናቸው። ሦስት ተመሳሳይ አገኘን። አንዱን አንሥቼ መዘውሩን አዞርኩ፤ ተንገጫገጨ። ሁለተኛው ዝገት ይዞት አልዞር አለ። ሦስተኛው ግን አንዴ ስገፋው ያለ ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ በራሱ ጊዜ ቆመ። ጆሮዬን አስጠግቼ እንደገና አዞርኩት። ምንም። ሽማግሌው ፊቴን እያዩ፣

«ዘፈነልህ?» አሉኝ።

«ዝም አለ ጋሼ።»

«እሱ ነው በቃ።»

የፊቱን ሳህን ፈትተው፣ መዘውሩን የያዘውን ቀለበት አውጥተው፣ መዘውሩን ከነኩሽኔታው ከበርሜሉ ኮምፕሬሰር ወደ እኔው አዛወሩት። ግማሽ ቀን ወሰደ። ቺንጋውን ሲያስሩ ሳሙናውን በቤንዚን አጠቡልኝ። አስነሣሁት፤ አይፈጭም። ኤሲውን አበራሁት፤ ማንኳኳቱ አለ።

«ይኼኛው የውስጡ ነው» አሉ። «ዓመታት ሳይሠራ ሲከርም ዘይቱ አንድ ቦታ ይተኛል፣ ውስጡ ይደርቃል። አጎትህ በወር አንዴ አሥር ደቂቃ እንኳ ቢያበሩት ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። ሳይነኩት ያቆዩት መስሏቸው ነው የገደሉት።»

«ሙሉውን አንቀይረውም?»

«ሙሉውን ካወለቅሁት ጋዙ ይወጣል፤ የምሞላበት መሣሪያ የለኝም። እንዲሁ ሂድ። ሲጨልምብህ አብራው፣ ሲጠራልህ አጥፋው። ማንኳኳቱን አትስማው። ሲጢጥ ካለ ግን ያኔ አብቅቶለታል፤ ቶሎ አጥፋው። ካጠፋኸው መዘውሩ ብቻውን ይዞራል፣ መኪናው አይቆምብህም።»

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። እናቴ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ከጎኔ አስቀመጥኳት። በሩ እንደተዘጋ እጇ መስኮቱን ዳበሰ።

«ጥሩ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል እማዬ።»

ገሳይን አልፈን ብዙም ሳንሄድ መስታወቱ ሞተ። ዳር ይዤ ቆምኩ።

«ለምን ቆምክ?»

«መስታወቱ ምንም አያሳይም።»

«እንዴት አድርጎት ነው?»

«ነጭ ነው። ብርሃን አለ፣ ከብርሃኑ በቀር ግን ምንም የለም።»

ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። «እንግዲያ እኔም እንዲሁ ነኝ» አለች።

ይህን ስትነግረኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ስንት ዓመት ስጠይቃት «ደኅና ነው፣ ትንሽ ይደበዝዛል» ነበር መልሷ። እኔ ደግሞ ሰውን እየተመለከትኩ የምጽፍ፣ ምንም አያመልጠኝም የምል ነበርኩ።

ኤሲውን ከነሙቁ አበራሁት። ማንኳኳቱ ጀመረ።

«ይኼ የሚያንኳኳው ማነው?»

«ኮምፕሬሰሩ ነው እማዬ።»

«ግባ በለዋ! ብርድ ላይ ታቆመዋለህ?»

ሳቅኩ። መስታወቱ ከታች ጀምሮ ተገፈፈ። ኩርባ እስካልፍ አበራለሁ፣ ቀጥታው ላይ አጠፋለሁ፤ ሲያንኳኳ ትከሻዬ ይነሣል፣ ሲያቆም ይወርዳል። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ሴቶቹ የወጡበት ኩርባ ላይ በእግር ከመሄድ ባልተሻለ ፍጥነት ተጠመዘዝኩ። ማንም አልነበረም። ደብረ ታቦር ስንገባ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሰልፉ አጥሩን ተከትሎ ዞሯል። ወረቀቷን ከነላስቲኩ ሰጠናቸው። ስሟን ጠሩ።

የግራ ዓይኗን ገፈፉላት። አድራ፣ በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ሲያነሡላት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ውሃ አቀረረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ።

«ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለችኝ።

ውጪ መኪናውን ስታይ ደግሞ ቆም አለች። «ይኼ ነው? እኔ አዲስ መስሎኝ!»

እንዳትጎነበስ፣ ዓይኗን እንዳታሽ፣ ከአቧራ እንድትጠበቅ ነግረውን ከቀትር በኋላ ወደ ቤቷ ተነሣን። መንገዱን ሙሉ ስታነብ ሄደች፤ የማንን ቤት ቆርቆሮ ማን እንደቀየረ፣ የትኛው ማሳ ድንች እንደተበላሸበት። ገሳይ ስንቃረብ ካፊያ ጀመረ፣ መስታወቱም ጨለመ። ኤሲውን ተጫንኩት። ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ከዚያ ሲጢጥ አለ፤ ጆሮ የሚበሳ፣ ረጅም። ቶሎ አጠፋሁት። እንደገና ለመሞከር እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። አልቋል። ከእንግዲህ ቦታው በርሜሉ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩና አንገቴን መሪው ላይ ደፋሁ። ያን ያህል ቀን ያጠራቀምኩት ድካም በአንድ ጊዜ ወረደብኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሞተ እማዬ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ላድርገው? ጉሙ ይወጣል።»

«እንዴ! ገና ትናንት በተገፈፈ ዓይኔ ላይ ንፋስ ልታስገባብኝ?» ጨርቄን ከጭኔ ላይ ወሰደችው። ሳትጎነበስ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ በእኔ በኩል ያለውን መስታወት ወለወለች። «ንዳ። እኔ እጠርግልሃለሁ።»

ነዳሁ። እሷ ትጠርጋለች፣ እኔ እነዳለሁ።

«በሬ አለ ፊትህ።»

«አይቼዋለሁ።»

«አላየኸውም። አሁን ስነግርህ ነው ፍሬን የያዝከው።»